የፎገራ ሜዳ፦ ጎርፍ የሚተኛበት አገር እንዴት የሩዝ ጎተራ ሆነ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ፎገራን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። አስፋልቱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ሾፌሩ ፍጥነት ይጨምራል፤ ተሳፋሪውንም እንቅልፍ ሸለብ ያደርገዋል። የሁለቱም ልብ ጎንደር ግንብ ላይ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋው አረንጓዴ ጤፍ ይሁን ገብስ ልብ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሩዝ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚመረተው ሩዝ ትልቁን ድርሻ የሚያወጣው ይህ ሜዳና አካባቢው ነው።

የሩዝ ዋጋ በገበያ ሲነሣ ወይም ከውጭ የሚገባውን ሩዝ በአገር ውስጥ ምርት ስለ መተካት ሲወራ የፎገራ ስም አብሮ ይነሣል። የተሳሳቱ ግምቶችም አብረው ይነሣሉ። ሩዝ ግድብና ቦይ ካልተሠራለት አይበቅልም የሚል አለ። ከጥንት ጀምሮ የአገሬው እህል ነበር የሚል አለ፤ ለመሬቱ ባዕድ የሆነ ነገር በግድ የተተከለበት ነው የሚልም አለ። «ሜዳ ላይ ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለ?» የሚለው ግን ከሁሉም ይበዛል። ይህ ማብራሪያ ፎገራን ሊጎበኝ ላሰበ፣ ሳይሄድም ሊረዳው ለፈለገ ሰው የተጻፈ ነው። የሚጀምረው ከውኃው ነው፤ የሜዳው አፈር፣ ከብቱ፣ እህሉ፣ ወፉ ሁሉ የሚፈታው በውኃው በኩል ነውና።

ሜዳው የት ነው? ውኃውስ ከየት ይመጣል?

ፎገራ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛል። የወረዳው ዋና ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የሩዙ ሜዳ ግን የወረዳ ድንበር አያውቅም፤ በደቡብ ወደ ደራ፣ በሰሜን ወደ ሊቦ ከምከም ይዘልቃል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጣና ውኃ እምብዛም ከፍ አይልም።

በስተምሥራቅ የጉና ተራራ አለ፤ ጫፉ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ከጉና አካባቢ የሚነሡት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ወደ ጣና ለመግባት ይህን ሜዳ ማቋረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። በአካባቢው በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ወንዞቹ ከተራራው ሲወርዱ አፈርና ጠጠር ሳይመርጡ ጠራርገው ይመጣሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን ቁልቁለቱ ያልቅባቸዋል። ጉልበታቸው ይደክማል፣ የተሸከሙትን ደለል ያራግፋሉ፣ መሄጃቸው በደለል እየተሞላ ውኃው ከዳርና ዳር ይገነፍላል። በዚያው ሰሞን ጣናም ስለሚሞላ ቶሎ አይቀበላቸውም። ያን ጊዜ ውኃው በሰፊ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ሊጥ ዳር እስኪያገኝ ድረስ ይንጣለላል።

አፈሩ ደግሞ ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ሲርስ ጫማ የሚያወልቅ ጥቁር አፈር። በጣም ደቃቅ በሆነ ሸክላ ስለተሞላ አንዴ ውኃ ከጠጣ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ታች የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጎርፉ ወደ ጎን መሄጃ፣ ወደ ታች መስረጊያ ያጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፎገራን ያየ ሰው ሐይቁ የት እንደሚያበቃ፣ እርሻው የት እንደሚጀምር ለመለየት ይቸገራል።

ሌላው ሰብል የሚሞትበት ውኃ ሩዝን ለምን አይገድለውም?

የተክል ሥር አየር ይፈልጋል። በደረቅ ማሳ ላይ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል አየር አለ፤ ውኃ ሲተኛበት ግን አየሩ ይወጣና ሥሩ ይታፈናል። ስንዴም በቆሎም ሽምብራም ቢጫ ሆነው ይሞታሉ። ጭቃ በመቻል የታወቀው ጤፍ እንኳን ውኃ ለሳምንታት ከተኛበት የሚሰጠው ምርት አይረባም። ሩዝ ግን ከቅጠሉ ተነሥቶ በአገዳው ውስጥ እስከ ሥሩ የሚወርድ ክፍት የአየር መተላለፊያ አለው። ቅጠሉ ከውኃው በላይ እስከታየ ድረስ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይተነፍሳል።

ከዚህ ተነሥቶ ሩዝ ካልዋኘ አያፈራም ማለት ግን ስሕተት ነው። ሩዝ የተኛ ውኃን ይችላል እንጂ ሁልጊዜ አይጠይቅም። አመራረቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ ረባዳ መሬት ላይ ዝናብና ጎርፍ ባቆረው ውኃ የሚመረት፣ ውኃ በማይተኛበት መሬት ላይ እንደ ማንኛውም እህል በዝናብ ብቻ የሚበቅል፣ በመስኖ የሚለማ። ኔሪካ የተባሉት ከአፍሪካና ከእስያ ሩዝ ተዳቅለው የተገኙት ዝርያዎች ብዙዎቹ ለሁለተኛው የተዘጋጁ ናቸው። የፎገራው ሩዝ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ወገን ነው። ገበሬው በማሳው ዙሪያ ዝቅ ያለ የአፈር ክትር ይሠራል፤ ክትሩ የዘነበውንና የመጣውን ውኃ ያቆያል። በሬና ሞፈር ያለው ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር በመሆኑም ነው ሩዙ ያለ ትልቅ ወጪ ከማሳ ወደ ማሳ የተዛመተው። በኋላ በርብ ወንዝ ላይ ለመስኖ የሚሆን ግድብ ተሠርቷል፤ ሩዙን ግን ግድቡ አላመጣውም፤ ከግድቡ በፊት ሜዳውን ሞልቶት ነበር።

የቆመው ውኃ ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙውን አረም ያፍናል። ሁሉንም ግን አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ሴት ወንዱ፣ ልጅ አዋቂው ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያርመው ለዚህ ነው። ዘሩ በአብዛኛው በመስመር ሳይሆን በብተና ስለሚዘራ በማሳው ውስጥ መረማመጃ አይገኝም። ከሩዝ ሥራ ሁሉ ወገብ የሚሰብረው አረሙ ነው፤ ወንፈልና ደቦ የሚጠራውም በዚህ ወቅት ነው።

ውኃ ሲበዛ ሩዝም ይሞታል። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ተውጦ ከሰነበተ መተንፈሻው ተዘጋ ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ከመጠን በላይ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ሰውን በአሥር ሺዎች ከቤቱ አፈናቅለዋል። ለሩዝ የሚበጀው ጎርፍና ቤት የሚያፈርሰው ጎርፍ የሚመጡት በአንድ መንገድ ነው፤ የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ብርድ ነው። ሩዝ በሚያብብበት ጊዜ ቅዝቃዜ ካገኘው አበባው ፍሬ ሳይዝ ይቀራል፤ ዛላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲዳሰስ ግን ባዶ ነው። ፍሬ የያዘ ዛላ ጎንበስ ይላልና ልዩነቱን ከመንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። 1,800 ሜትር ለሩዝ ብርዳም ከፍታ ስለሆነ ዘር የዘገየበት ገበሬ ጥቅምትን በስጋት ነው የሚያሳልፈው።

ሩዝ ሳይመጣ ሜዳው የማን ነበር?

የላም። ከፎገራ ርቆ ለሚኖር ለብዙ የአገሩ ሰው ፎገራ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ላሟ ናት። የፎገራ ከብት በጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ቀለሙ፣ በግዝፈቱና ከአገር በቀል ዝርያዎች መካከል በወተቱ የታወቀ ነው። ረግረግ ውስጥ ገብቶ ይግጣል፤ ሌላውን ከብት የሚያከሳውን የዝንብና የአልቅት ጥቃት ይችላል። ሜዳው ሠራው ማለት ይቻላል። ክረምት ሲገባ ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ውኃው ሲሸሽ ጎርፉ ባራገፈው ደለል ላይ ወደ በቀለው ሣር ይመለሳል።

እርሻው ጠርዝ ጠርዙን የያዘ ነበር፦ ጤፍ፣ ኑግ፣ ውኃው ሲጎድል ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ። ጓያ የችግር ቀን እህል ነው፤ ጭቃ ላይ ተበትኖ ይበቅላል፣ ድርቅም ይችላል። በችግር ጊዜ ለወራት እርሱ ብቻ ሲበላ ግን እግርን የሚያሽመደምድ፣ የማይድን በሽታ ያመጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ይህ በሽታ ብዙ ሰው ማሽመድመዱ በሐኪሞች ተመዝግቧል። የሩዙን መምጣት ለመገመት የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው። ሜዳው ሰፊና ለም ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ለሰው የሚሆን እህል የሚያበቅለው ጠርዙ ብቻ ነበር።

ታዲያ ሩዙን ማን አመጣው?

ሩዝ ከጥንት የአገሬው እህል ነበር የሚለውም፣ ለመሬቱ ባዕድ ነው የሚለውም ከፊል እውነት አለው። በፎገራ ረግረጎች የዱር ሩዝ ሰው ሳይዘራው ይበቅላል፤ ከብት ይግጠዋል፣ ለገበሬው ደግሞ አስቸጋሪ አረም ነው። የሚዘራው ሩዝ ግን እንግዳ ነው። የመጣው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ሞከሩት። ዛሬ በሜዳው ላይ ስሙ ገንኖ የሚነገርለት ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሲወራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ የኅብረት እርሻዎቹ ፈረሱ፤ ሩዙም አብሮ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። አሠሪ እንጂ ባለቤት ያልነበረው እህል ነበርና ማንም አላለቀሰለትም። የተመለሰው ከመንግሥት ለውጡ በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ዘሩ የገባው በእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ነበር፤ የግብርና ሠራተኞችና የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችም ይከታተሉት ነበር። ገበሬው ውኃ ተኝቶበት ጦም ያድር ከነበረው መሬት በሄክታር 30 ኩንታል ገደማ እንደሚወጣ ሲያይ ሌላ ሰባኪ አላስፈለገውም። ሩዙ ሲታጨድ ደግሞ መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ ጓያ ይበተንበታል፣ ሽምብራ ይዘራበታል፣ ውኃ የሚስብ ሞተር ያለው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማበታል። አንዴ እንኳን እህል ያልነበረው መሬት በዓመት ሁለቴ ያፈራል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሰሞን መንግሥት ሩዝን «የሚሊኒየሙ ሰብል» ብሎ ሰየመው። ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል፤ የጃፓን መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት ጃይካ ሥራውን ከሚደግፉት አንዱ ነው። ያም ሆኖ አገሪቱ ዛሬም ሩዝ ከውጭ ታስገባለች። አንዱ ምክንያት ፍላጎቱ ከምርቱ ፈጥኖ ማደጉ ነው። ሌላው ምክንያት ወረታ ከተማ ውስጥ፣ መፈልፈያው ቤት ደጃፍ ላይ ይታያል።

መፈልፈያ ቤት ምን ይታያል?

ለእኔ ከወረታ የሚታይ ነገር አንድ ምረጥ ብባል እርሱን እመርጣለሁ። ከማሳ የመጣው ሩዝ ቅርፊቱን እንደለበሰ ነው። መጀመሪያ ውጫዊው ልብስ ይወልቃል፤ ከውስጥ ቡናማ ፍሬ ይወጣል። ቀጥሎ የቡናማው ሽፋን ተፍቆ ነጩ ይቀራል። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ነጭ ሩዝ ቢወጣ ጥሩ ነው። የተፋቀው ዱቄት የከብትና የዶሮ መኖ ይሆናል።

ችግሩ መሰባበሩ ነው። ሩዙ ማሳ ላይ ከመጠን በላይ ደርቆ ከታጨደ ወይም ፀሐይ ላይ በችኮላ ከደረቀ ፍሬው በውስጡ ይሰነጠቃል፤ መፈልፈያው ሲነካው ለሁለት ይከፈላል። የተለያዩ ዝርያዎች ተቀላቅለው ከመጡ ደግሞ መኪናው ለአንዱ ሲስተካከል ሌላውን ይሰብራል። አውድማው አፈር ስለሆነ ጠጠርም አብሮ ይገባል። ከእስያ የሚመጣው ሩዝ በአዲስ አበባ ሱቆች የሚመረጠው በጣዕም ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው ሙሉ፣ ጠጠሩ የተለቀመ ስለሆነ ጭምር ነው።

ሩዝ በፎገራ እንዴት ይበላል?

በብዛት በእንጀራ መልክ። በከተማ ሩዝ ማለት ከአትክልት ጋር ተቀቅሎ በሳህን የሚቀርብ ነው፤ በፎገራ ግን ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቦክቶ ይጋገራል። ብቻውን የተጋገረ የሩዝ እንጀራ ነጭና ያማረ ቢሆንም ቶሎ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ጤፉ ልስላሴና ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ሩዙ ደግሞ ንጣትና የዋጋ ቅናሽ። የአዲስ አበባ ሰው እንጀራ ሻጩ ሩዝ ቀላቀለብኝ እያለ ያማርራል። ማማረሩ ሳይነገረው ስለተሸጠለት ከሆነ እውነት አለው፤ ድብልቁ ራሱ ግን በፎገራ የየቤቱ ወግ ነው። ዳቦውም፣ ጠላውም፣ አረቄውም ከሩዝ ይወጣል። ገለባው ለከብት ይከመራል፤ ኤክስ ጅግና ከተወደደባቸው ምክንያቶች ከፍሬው ንጣት ቀጥሎ የገለባው ብዛት ይጠቀሳል።

የተጎዳ የለም?

አለ። ሩዙ የያዘው መሬት ባዶ አልነበረም፤ ግጦሽ ነበር። ሜዳው ሲታረስ የፎገራ ላም መዋያዋ ጠበበ፤ የሩዝ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ የረግረጉን ሣር አይተካም። መንጋው ከደጋ ከሚመጡ ከብቶች ጋር እየተዳቀለ ንጹሑ ዝርያ እየሳሳ መጥቷል። ዝርያውን ለመጠበቅ በአንዳሳና በመተከል የከብት እርባታ ጣቢያዎች ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ዛሬ በሜዳው ላይ የሚታየው ቡራቡሬ ከብት ሁሉ የጥንቱ ፎገራ ነው ብሎ መደምደም አያስኬድም።

ረግረጎቹም እንዲሁ። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ሁለት ረግረጎች ውኃው ሲጎድል ክረምት እስኪመለስ ድረስ እንደ ሐይቅ የሚቆዩ ነበሩ። ለበጋ እርሻ ሲባል ውኃቸው በሞተር እየተሳበ፣ ጠርዛቸው እየታረሰ በጣም ተኮማትረዋል። ይህ ወፍ ለሚያይ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ክሬን የተባሉት ረጃጅም ወፎች በሺዎች ሆነው የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በኅዳር አካባቢ ወደ ጣና ዳርቻ ይመጣሉ፤ ቀን በታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፣ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። አገር በቀል የሆነው ዘውድ የደፋው ዝርያም በዚያው ይታያል። ማሳው ምግባቸውን አበዛላቸው፣ ማደሪያቸውን ግን ቀነሰባቸው።

በሐይቁ በኩል ደግሞ እምቦጭ አለ። ይህ ተንሳፋፊ አረም በጣና ላይ የታየው በ2003 እና 2004 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን ክፉኛ የተያዘው የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻው ነው። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል፤ መዝገቡ እምቦጩን አላቆመውም።

ታሪኩስ? ነገሥታቱ ለምን ወደዚህ መጡ?

ሣር፣ እህል፣ ዓሣና ውኃ ያለበት ቦታ ሠራዊት ይቀልባል። በ16ኛው መቶ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ከሸዋ እየራቀ ወደ ጣና ዙሪያ የተጠጋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብራሂም የወደቀበት የወይና ደጋ ጦርነት የተደረገው ከጣና በስተምሥራቅ ነው። አፄ ገላውዴዎስ በዚያ ጦርነት ከጎኑ የፖርቱጋል ወታደሮች ነበሩት።

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ እንፍራንዝ አጠገብ፣ ከኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሠው አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠራው ይነገራል፤ ያ ከሆነ ከጎንደር ግንቦች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይቀድማል። ኮረብታው ላይ የወጣ ሰው ቦታው ለምን እንደተመረጠ ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም፦ ከሥሩ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ጣና ወለል ብሎ ይታያል። የጎንደር መንገደኛ ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል፤ የሚቆም ግን ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በደቡብ በኩል፣ በደራ ዳርቻ፣ ቆራጣ አለች። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን ሲቀበል የተቃወመችው፣ ተከታዮቿን ይዛ በጣና ዙሪያ የተንከራተተችው ወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያዋ በዚህች ከተማ ነው። ኋላም ቆራጣ ትልቅ የንግድ ከተማ ሆና ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረውን ራሳምን ያስቀመጡት እዚያ ነው። ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ የጣና ቂርቆስ ደሴት ይታያል፤ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ያረፈችበት ነው የሚል ጽኑ ትውፊት አለው። ገዳሙ ሴት አያስገባም። በሐይቁ ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ካጋጠመ፣ በዚህ ሙያ ከጥንት የታወቁት በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው ነው፤ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት። በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ የአውራምባ መገንጠያ ይገኛል። ይህን ማኅበረሰብ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. መሠረተው፤ ሴትና ወንድ ሥራ ሳይለዩ ይሠራሉ፣ አረጋውያን በጋራ ይጦራሉ፣ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የለም። ሽመናቸውን ለእንግዳ ያሳያሉ፣ ይሸጣሉም። ደብረ ታቦር አቅራቢያ ደግሞ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋት አለ። ሰውነቱ የዛለ መንገደኛ በደራ ወረዳ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ወደሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውኃ ጎራ ማለት ይችላል።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ምን ማየት እንደሚፈለግ ይወስነዋል። ሩዙን በውኃ ውስጥ ማየት የሚፈልግ በመስከረም ይሂድ፤ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ ዋናው ጎርፍ አልፏል፣ ዳር ዳሩን በእግር መሄድ ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ ከአስፋልት መውረድ ራስን ማስቸገር ነው። ሜዳው ወርቅማ የሚሆነው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ነው፤ ኅዳር ማጭድ፣ ነዶና አውድማ የሚታይበት ወር ነው። ታኅሣሥና ጥር ለወፍ ተመልካች የተመቹ ናቸው፤ ጥምቀትንም አብሮ ማክበር ይቻላል። ከየካቲት በኋላ የሚታየው በአብዛኛው ሽንኩርትና የተሰነጠቀ ዋልካ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጸጥታ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት አለ፤ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። የጉዞ ቀን ከመቁረጥ በፊት እዚያው አካባቢ የሚኖር ሰው መጠየቅ ከማንኛውም መረጃ ይሻላል። ሜዳው የወባ አገርም ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ስለሚበረታ አጎበር ያለበት ክፍል መጠየቅ፣ በምሽት እጅና እግርን መሸፈን ያስፈልጋል።

ማሳ ውስጥ ሲገቡ የአፈር ክትሩ ላይ አይራመዱ፤ ከተናደ የገበሬው ውኃ ይፈስሳል። ጠርዙን ይዞ መዞር ይቻላል፤ «እግዜር ያበርታ» ብሎ የገባን ሰው ደግሞ ማንም አያባርረውም፣ ምሳ ሰዓት ከሆነም ጠላና እንጀራ ይቀርብለታል።

ሩዝ ገዝቶ መመለስ ለሚፈልግ፦ ከመፈልፈያው ቤት በቀጥታ ይግዙ፤ ከመግዛትዎ በፊት አንድ እፍኝ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው ጠጠሩንና ሰባራውን ይዩ። ለመቀቀል ከሆነ ሙሉ ፍሬ የበዛበትን ይምረጡ። ለእንጀራ ከሆነ ግን ሰባራውን ይውሰዱ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ወፍጮ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ሙሉውንና ሰባራውን የሚለየው የለም።